ባለ16 ሚክሰር 16 ማይክ አይቀበልም
አሶሳ ላይ የድምፅ መሣሪያ ለማከራየት ላሰበ ነጋዴ

መርካቶ ወርዶ የድምፅ ማደባለቂያ፣ በገበያው ስሙ ሚክሰር፣ ልግዛ የሚል ነጋዴ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ባለ ስንት?» የሚል ነው። ባለ10፣ ባለ12፣ ባለ16፣ ባለ20 እየተባለ ይጠራለታል። ዋጋውም ከቁጥሩ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ባለ16 የገዛ ሰው 16 ማይክራፎን የሚሰካበት ዕቃ ይዞ የወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ስሙ በሁሉም ዘንድ የሚታወቀውን ያማሃን እንውሰድ። ኩባንያው ኤምጂ ኤክስዩ ብሎ ከሰየማቸው ሞዴሎች ባለ10 የሚባለው የሚቀበለው 4 ማይክ ብቻ ነው። ባለ12ቱ 6፣ ባለ16ቱ 10፣ ባለ20ው ደግሞ 16 ማይክ ይቀበላሉ። የቀረው ቁጥር የት ገባ ቢባል፣ ግራና ቀኝ ሆነው በጥንድ ለሚገቡ እንደ ኪቦርድና ላፕቶፕ ላሉ ዕቃዎች የተተወ ነው። አንድ ኪቦርድ ሁለት ገመድ ይዞ ሲገባ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ፋብሪካው አልዋሸም፤ ዝርዝሩን በመመሪያው ላይ ጽፎታል። ይሁንና ሱቅ ውስጥ ቆሞ መመሪያ የሚያነብ ገዢ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ «ባለ ስንት ነው?» ከማለት «ስንት ማይክ ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሻጩ ካመነታም ባለ3 ቀዳዳ ክብ የማይክ መሰኪያዎቹን በጣት እየነኩ መቁጠር ነው።

ለአዲስ አበባ አከራይ ይህ ዓይነቱ ስህተት የአንድ ቀን ጣጣ ነው። ዕቃው ካልሆነው በማግሥቱ ወስዶ ይለውጣል፤ ቢያንስ ከጎረቤት አከራይ ለሠርጉ ቀን አንድ ይዋሳል። አሶሳ ያለው ግን ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ ነጋዴ ነው። በምዕራብ ወለጋ በኩል የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ የተስተጓጎለባቸውን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ያሉ ዓመታት የአካባቢው ነጋዴ አይረሳቸውም። አውሮፕላን አለ፤ የአውሮፕላኑ ትኬት ግን ከሚክሰሩ የአንድ ቀን ኪራይ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በመሆኑም አሶሳ ላይ የሚክሰር ምርጫ የሚጀምረው «የትኛው ያምራል?» ከሚለው ሳይሆን «የተበላሸ ዕለት ምን እሆናለሁ?» ከሚለው ነው።

ማን ይከራያል?

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መቀመጫ እንደመሆኗ የአሶሳ ዋነኛ ደንበኛ መንግሥት ነው። የክልል ቢሮዎች ስብሰባ፣ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ፣ የፓርቲና የወጣቶች መድረክ፣ የመያዶች ሥልጠና በየጊዜው ድምፅ ማጉያ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ሠርግ አለ፤ ከዚያም መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴል፣ የባህል ቡድን ይከተላሉ። ከወርቅ ንግድ የሚገኘው ገንዘብም ሠርጉን እንደሚያደምቀው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

እነዚህ ደንበኞች የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ስብሰባ ከ3 እስከ 5 ማይክና አንድ ላፕቶፕ ይበቃዋል። የሚፈለገው ንግግሩ ጥርት ብሎ እንዲሰማና ድምፅ ማጉያው እንዳያፏጭ ብቻ ነው። ኪቦርድ፣ ሁለት ድምፃዊና አንድ ዲጄ የሚቀርብበት ሠርግ በ6 ማይክ ይጠናቀቃል። ከበሮው በየክፍሉ ማይክ የሚደረግለት፣ ጊታርና ሳክስፎን ያለው ሙሉ ባንድ ብቻ ነው ከ12 እስከ 20 መሰኪያ የሚጠይቀው። እንዲህ ያለው ባንድ አሶሳ ላይ በየሳምንቱ አይመጣም። ሲመጣም የራሱን ዕቃና የራሱን ሳውንድማን ይዞ መምጣት ይቀናዋል።

ትልቅ መድረክ የለም ማለት ግን አይደለም። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የተከበረው አሶሳ ላይ ነበር። ከመላ አገሪቱ የመጡ የባህል ቡድኖች ተሰባስበውባታል። ነገር ግን በዓሉ ከክልል ክልል የሚዘዋወር ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ጋምቤላ ላይ ተከብሯል። በዓመታት አንድ ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ተብሎ ባለ32 ሚክሰር መግዛት በየዕለቱ የማይበላበትን ድስት ገዝቶ ቤት እንደማጣበብ ነው።

ከዚህ ይልቅ የአሶሳ አከራይ የሚቸገርበት ሌላ ነገር ነው። ሥራ የሚበዛው በአንድ ጊዜ ነው። ጥር ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከኢድ በኋላ ሠርጉ በተመሳሳይ ቅዳሜና እሑድ ይደራረባል። የኅዳርና የታኅሣሥ ስብሰባም እንዲሁ ይገጣጠማል። በሌላው ጊዜ ዕቃው ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

የጾሙን የቀን አቆጣጠር ያየ ደግሞ ይህን ይበልጥ ይረዳዋል። በአሶሳ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደንበኛ ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ቀን ሲሆን ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገብቷል፤ ሁለቱ ተደራርበው ስላለፉ የሠርጉ ገበያ ባንድነት ተዘጋ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚመጣ ግን ይህ አይቀጥልም። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን በጨረቃ መታየት መሠረት የካቲት መባቻ አካባቢ ይገባል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚጀምረው የካቲት 29 ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል ማለት ነው። ለባንክ ወርሐዊ ክፍያ ፈርሞ ውድ ዕቃ የገዛ አከራይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ባለው ጊዜ ግማሽ ገበያው ተዘግቶበት ወለድ መቁጠሩ አይቀርም።

አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ?

እዚህ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከብዙ ሻጮች ምክር የሚለየው። ሥራ የሚደራረብበት ገበያ የሚፈልገው የሚክሰሩን መጠን ሳይሆን ብዛቱን ነው። ባለ20 ሚክሰር የያዘ ሰው በአንድ እሑድ የሚያስተናግደው አንድ ሠርግ ነው። በዚያው ገንዘብ አካባቢ አንድ ባለ16ና አንድ ባለ10 የያዘ ሰው አራቱን ስፒከሮች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ በአንዱ ሠርጉን፣ በሌላው ስብሰባውን ይይዛል። ከሁሉም በላይ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። በአሶሳ መለዋወጫ ማለት ይኸው ነው።

ስሌቱን በቁጥር እንመልከተው። የሚከተሉት የሱቅ ዋጋዎች ሳይሆኑ ለስሌት የተወሰዱ ቁጥሮች ስለሆኑ አንባቢ የራሱን ያስገባባቸው። መካከለኛው አናሎግ ሚክሰር 60 ሺሕ ብር፣ ዲጂታሉ 300 ሺሕ ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 240 ሺሕ ብር ይሆናል። አከራዩ ዲጂታል በመያዙ ከእያንዳንዱ ሥራ 2 ሺሕ ብር ጨምሮ ማስከፈል ቢችል ልዩነቱን የሚመልሰው በ120 ሥራ ነው። በዓመት 30 ሥራ ቢያገኝ 4 ዓመት ይፈጅበታል። በሌላ በኩል 40 ሺሕ ብር አውጥቶ ሁለተኛ ትንሽ ሚክሰር ቢገዛና በተደራረቡ ቀናት ከሁለተኛው ሥራ የሠራተኛና የትራንስፖርት ወጪ ተቀንሶ 4 ሺሕ ብር ቢተርፈው በ10 ሥራ ገንዘቡ ይመለሳል። ስፒከርና ገመድ መጨመር ካለበት ስሌቱ ይረዝማል። ያም ሆኖ ከ4 ዓመት ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

አከራዩ የሚያስተያየው የዕቃውን ጠቅላላ ዋጋ ሳይሆን የተጨመረውን ወጪ ከሚጨመረው ገቢ ጋር ነው። ብዙዎች ሰፊውን ሰሌዳና የሚያብረቀርቀውን መብራት አይተው የሚወስኑት ግን ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆነው ነው።

ለመቸኮል የሚገፋፋ አንድ ተጨባጭ ምክንያት እንዳለ መካድ አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። 500 ዶላር የሚያወጣ ሚክሰር በ57 ብር ሒሳብ 28,500 ብር የነበረው በ100 ብር ሒሳብ 50 ሺሕ ብር ሆነ ማለት ነው። ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው ዕቃው ወደብ እስኪደርስ በወጣበት ዋጋ ላይ ሲሆን 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡ ከተደመረበት ድምር ላይ ስለሚታሰብ፣ የምንዛሪው ጭማሪ በየደረጃው ራሱን እየደገመ ይወጣል። በዚህ ምክንያት «ዛሬ ካልገዛሁ ነገ አላገኘውም» የሚል ገዢ በርክቷል። ይህ ፍራቻ ትክክለኛውን ዕቃ ቶሎ ለመግዛት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የማይፈለገውን ትልቅ ዕቃ ለመግዛት ግን ምክንያት አይሆንም።

ዋዛ ስንት ማይክ ይፈልጋል?

የአሶሳን ገበያ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከአዋሳ ገበያ የሚለየው አንዱ ነገር ዋዛ ነው። ዋዛ የበርታ ብሔረሰብ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የቅል ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው እየተቀጣጠሉ ረዘም ብለው የሚሠሩ መለከቶች ሲሆኑ፣ አጭሩም ረጅሙም በአንድነት አንድ ቡድን ናቸው። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው በዋናነት አንድ ድምፅ ነው። ዜማው የሚፈጠረው ተጫዋቾቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የተወውን ሌላው እያነሣ ሲነፉ ነው። በዓልም ደስታም ያለ ዋዛ አይደምቅም።

አሁን አንድ አከራይ 10 ወይም 12 የዋዛ ነፊዎች ያሉበት ቡድን መድረክ ላይ ይወጣል ቢባል «12 ማይክ፣ ባለ20 ሚክሰር» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ግን እንዲህ አያደርግም። ለእያንዳንዱ መለከት ማይክ መስጠት ከገንዘቡም በላይ ዜማውን ይገድለዋል። አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር የሚመጣጠነው ነፊዎቹ ራሳቸው ተቀራርበው እየተደማመጡ ሲጫወቱ ነው። የኦፕሬተሩ ጣት በ12 ፌደር ላይ እየተንሸራሸረ ሊያመጣጥነው ቢሞክር ተጫዋቾቹ ዕድሜ ልካቸውን የተማሩትን ያፈርስባቸዋል። በዚያ ላይ ቡድኑ እየዞረ ይጨፍራል፤ ባለ ገመድ ማይክ አይከተለውም። ከፍ ብለው በቋሚ የተሰቀሉ 2 ማይኮች ቡድኑን ሁሉ ይይዛሉ፤ ለዘፋኞቹ 1 ወይም 2 ቢጨመር ይበቃል። እንዲህ ላለው አቀማመጥ ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ማይክ የተሻለ ስለሆነ ሚክሰሩ ባለ48 ቮልት ፋንተም ኃይል እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፋንተም የሌለው ርካሽ ሚክሰር ላይ ኮንደንሰር ማይክ ቢሰካ ምንም ድምፅ አይሰጥም።

እንግዲህ በክልሉ ትልቁ የሚባለው የባህል ቡድን በ4 ማይክ ይያዛል። ከበሮና ክራር ላለው ቡድንም ስሌቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አምሃ እሸቴ ያሳተማቸው ሸክላዎች ሙዚቀኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እየተጫወቱ በጥቂት ማይክ የተቀዱ ናቸው፤ ዛሬም ድረስ በዓለም ገበያ ይሸጣሉ።

ዲጂታሉስ?

ዲጂታል ሚክሰርን ማጣጣል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ዋጋው እንዴት ወደ መካከለኛ ነጋዴ እጅ እንደወረደ ታሪኩ ራሱ ለነጋዴ ትምህርት አለው። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ ማኪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትንሽና ጠንካራ ባለ16 አናሎግ ሚክሰር አውጥቶ ገበያውን ያዘ። የጀርመኑ ቤሪንገር በርካሽ ዋጋ ተከተለው። ማኪ በ1997 «ሥራዬን ገለበጠብኝ» ብሎ ከሰሰው፤ ክርክሩ በ1999 በስምምነት ተዘጋ። የቤሪንገር ባለቤት ኩባንያ በ2009 ሚዳስ የተባለውን የታወቀ የእንግሊዝ የመድረክ ሚክሰር ሠሪ ጠቅልሎ ገዛ። ከዚያም በ2012 በሚዳስ የተነደፉ 32 የማይክ መግቢያዎች ያሉትን ኤክስ32 የተባለ ዲጂታል ሚክሰር ለገበያ አቀረበ። ቀድሞ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ብቻ ይገዙት የነበረው ዓይነት ዕቃ በተራ አከራይ ዋጋ ተሸጠ።

ለአሶሳ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር። የመጀመሪያው መድረክ ላይ ለቆሙት የሚመለስላቸው ድምፅ ነው። ድምፃዊው የራሱን ድምፅ፣ ኪቦርዲስቱ የድምፃዊውን፣ ከበሮ መቺው የባሱን መስማት ይፈልጋል። ይህን የሚሰጠው ኦክስ የሚባለው መውጫ ነው። ያማሃ ባለ16ቱ ለኢፌክት የሚውለው ተደምሮ 4 ኦክስ አለው፤ ባለ12ቱ 2፣ ባለ10ሩ 1 ብቻ። ኤክስ32 ግን 16 አለው። ባንድ የሚያከራይ ወይም ባንድ የሚያስተናግድ ሆቴል ያለው ሰው ቢከፍል ይገባዋል።

ሁለተኛው ማስታወሱ ነው። በክልሉ ፌስቲቫል የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ቡድኖች በተከታታይ ወደ መድረክ ሲወጡ፣ አናሎግ የያዘ ኦፕሬተር በየመሐሉ ቁልፎቹን ሁሉ እንደገና ማስተካከል አለበት። በዲጂታል የእያንዳንዱ ቡድን አቀማመጥ ጠዋት በልምምድ ሰዓት ተመዝግቦ ማታ በአንድ ቁልፍ ይመለሳል።

ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ቢጠፋ አናሎጉ ፌደሩ በቆመበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፤ መብራቱ ሲመለስ ድምፁም ይመለሳል። ዲጂታሉ ኮምፒዩተር ስለሆነ እንደገና መነሣት አለበት። ሙሽሮች እየገቡ ባለበት ሰዓት ያ ጊዜ እጅግ ረጅም ነው። ሌላው ኦፕሬተሩ ነው። አናሎግ የሚችል ልጅ በአንድ ሳምንት ይሠለጥናል፤ ቁልፉም አገልግሎቱም ፊት ለፊት ይታያል። ዲጂታሉ ግን የሚፈለገውን ከገጽ ገጽ እየገለጡ የሚያገኙት ስለሆነ የሠለጠነው ልጅ ወደ አዲስ አበባ ቢኮበልል ዕቃው ባለቤት ያጣል። ፌደር የሌላቸውና በታብሌት ብቻ የሚታዘዙት ደግሞ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም ከሣጥናቸው ጋር የሚመጣው ዋይፋይ 500 ሰው ስልክ ይዞ በገባበት አዳራሽ የሚታመን አይደለም። የተለየ ራውተር አብሮ መገዛት አለበት። ጥገናውም ቀላል አይደለም። የአናሎግ ፌደር ሲያንኮሻኩሽ የሬዲዮ ጠጋኝ ከፍቶ ያጸዳዋል፤ የዲጂታል ቦርድ ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

ስለዚህ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ እንዲህ ነው። ሥራው ሠርግና ስብሰባ ለሆነ የአሶሳ አከራይ 10 እውነተኛ የማይክ መግቢያና 4 ኦክስ ያለው አናሎግ፣ ከጎኑ አንድ ትንሽ መጠባበቂያ ይዞ መጀመር አዋጭ ነው። ዲጂታሉ የሚመጣው ባንድ የሚያመጣ ቋሚ ውል ሲገኝ፣ ከውሉም ጋር የሚቆይ ኦፕሬተር ሲኖር ነው። ለመስጊድ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለትንሽ አዳራሽ አምፕሊፋየሩ አብሮ የተሠራበት ፓወርድ ሚክሰር ገመድ ስለሚቀንስ ጥሩ ነው። ለአከራይ ግን አይመከርም፤ አምፕሊፋየሩ የተቃጠለ ዕለት ሚክሰሩም አብሮ ይቀመጣል።

የመብራቱ ነገር

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ ነው። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ድንኳን ውስጥ ያለው ሚክሰር ግን የሚሠራው በግድቡ ሜጋዋት ሳይሆን ከጎረቤት ቤት በረጅም ገመድ ተስቦ በመጣው ሶኬት ወይም በጄኔሬተር ነው። ምድጃና ሚክሰር አንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ቮልቱ ይወርዳል፤ ምድጃው ሲጠፋ ይዘላል። ስለዚህ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሱ የሚቀበል ሚክሰር መምረጥ ተገቢ ነው። ያማሃ ኤምጂ ኤክስዩ ከባለ12ቱ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ባለ10ሩ ግን የራሱ የተለየ አዳፕተር አለው፤ አዳፕተሩ ከጠፋ ወይም ከተቃጠለ በስልክ ቻርጀር የሚተካ ስላልሆነ መለዋወጫውን አብሮ መግዛት ያስፈልጋል።

ደግነቱ ሚክሰር ራሱ ብዙ ኃይል አይበላም። ያማሃ ባለ16ቱ የሚወስደው 30 ዋት አካባቢ ነው፤ ከአንድ አምፖል አይበልጥም። ለቢሮ ኮምፒዩተር የሚሸጠው ተራ ዩፒኤስ ሚክሰሩንና ራውተሩን መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ይሸከማቸዋል። አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን ግን ከዩፒኤሱ ላይ መሰካት አይገባም፤ ወዲያው ያወርዱታል። ለእነርሱ ስታቢላይዘር ይበቃቸዋል። ሚክሰሩና ስፒከሩ ከተለያዩ ቤቶች መብራት ከወሰዱ ደግሞ የማያቋርጥ እምምታ መሰማቱ የተለመደ ነው። ይህን ያልተረዳ ብዙ ሰው ሚክሰሩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል።

ስሙ ያማሃ፣ ሥራው ሌላ

የታወቀ ስም የተለጠፈበት የማስመሰያ ዕቃ በገበያው መኖሩን ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ለመለየት ስሙን ሳይሆን የሚባለውን ችሎታ ማየት ይሻላል። ትክክለኛዎቹ ኤምጂ ኤክስዩ 24 ኢፌክት አላቸው፤ ብሉቱዝ የላቸውም፤ ፍላሽ ተሰክቶ ሙዚቃ የሚያጫውቱበት ቀዳዳም የላቸውም። ያላቸው የዩኤስቢ መሰኪያ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ነው። በዚሁ የሞዴል ስም «99 ኢፌክት፣ ብሉቱዝ፣ ፍላሽ ማጫወቻ» የሚል ሣጥን ከታየ ስሙ የተዋሰ ነው። ገዢውን የሚያሳስተው ደግሞ ማስመሰያው ከእውነተኛው የበለጠ ችሎታ ያለው መስሎ መቅረቡ ነው።

ያለ ዲክላራሲዮን የገባ ዕቃስ? በድንበር በኩልም ይምጣ በሌላ መንገድ ርካሽነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከላይ እንደተባለው የአሶሳ ዋናው ደንበኛ መንግሥት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በፕሮፎርማ አወዳድሮ በሕጋዊ ደረሰኝ ይከፍላል። ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ያለው አከራይ የመግዣ ሰነዱ የት ነው ሲባል ባዶ እጁን ከሆነ በወጪ የሚያስመዘግበው ነገር የለውም። በብር ያተረፈውን በግብር ይከፍለዋል። መንገድ ላይ ቢያዝበት ደግሞ ዕቃውንም ያጣል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለበትም። እንዲያውም ጥሩ አናሎግ ሚክሰር ዕድሜው ረጅም ነው። ሲገዛ ግን ማይክ፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫና ሁለት ገመድ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን የማይክ መግቢያ በየተራ በዚያው በአንድ ማይክ መፈተሽ፣ ፌደሩን ሁሉ ቀስ አድርጎ ከታች እስከ ላይ መግፋት፣ ድምፁ እየተቆራረጠ የሚመጣበትን በወረቀት መመዝገብ ነው። አንድ ሁለት የሚያንኮሻኩሽ ፌደር ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ ዕቃውን አያስጥልም። ዋናው መውጫ ላይ ግራው ወይም ቀኙ የማይሰማ ከሆነ ግን መተው ነው። ደላላው «ይህ እኮ በአንድ ብየዳ የሚሠራ ነው» ማለቱ አይቀርም። እንዲያ ከሆነ አስበይዶ ያምጣው።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሥራ የፈቱ አከራዮች ዕቃ የሚለውጡበት ጊዜ ስለሆነ ያገለገለ ዕቃ በተሻለ ዋጋ ይገኛል። ጥቅምት ከገባ በኋላ ግን ሻጩም ገዢውም ሥራ ላይ ናቸው። ያማሃ ባለ16ቱ 6.8 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ከማሰር በጭን ይዞ እስከ አሶሳ መሄድ ይቻላል። ኤክስ32 ግን 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ውስጡ ስፖንጅ ያለው ጠንካራ ሣጥን ያስፈልገዋል፤ የሣጥኑም ዋጋ ከመነሻው ሒሳቡ ውስጥ ይግባ።